ከንቲባዎች ሆይ፣ እባካችሁ ተኮራረጁ

ይድረስ ለአፍሪካ አሜሪካውያን ከንቲባዎች ማኅበር
ዋሽንግተን ዲሲ

የተከበራችሁ ከንቲባዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛው አቅቶኝ አይደለም። አሜሪካ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እንደምንም እግባባለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው። አሁን ወረቀቱ እጃችሁ ላይ አለ። አንድ ጉዳይ እንደያዘ ያስታውቃል። ምን እንደሚል ግን አታውቁም። ከሠራተኞቻችሁ መሃል አንድ የሐበሻ ልጅ ፈልጋችሁ «እስኪ ምንድን ነው የሚለው?» ማለታችሁ አይቀርም።

አክስቴ የምትኖረው እንዲህ ነው። በየወሩ።

አክስቴ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች፣ ባሏ ነፍሱን ይማርና ፓርኪንግ እየሠራ፣ ተባብረው አንዲት ጠባብ ቤት ገዙ። ቤቷ የእሷ ናት። የከተማዋን ስም አልጠራም። ከንቲባው ጥቁር ነው፣ ሰዉም ይወደዋል፤ ስም አንስቼ ማሳጣት አልፈልግም። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከውሃ ክፍያ ቢሮ አንድ ወረቀት መጣላት። የሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ ያለችው ላስቲክ አርጅታ ውሃው ሌት ተቀን ሲፈስ ከርሟል፤ ቢሉም ሰማይ ነክቷል። አክስቴ ወረቀቱን ረከቦቱ ሥር አስቀምጣ የልጅ ልጇ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠበቀች። ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው። ቦርሳዋን ሳታወርድ አነበበችላት።

«እማማ፣ የውሃ ሰዎች ናቸው። ካልከፈልሽ ቤትሽ ላይ ሊን ያደርጋሉ ይላል።»

«ሊን ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቷ አሰበች። እሷ የምታውቀው አንድ ሊን ብቻ ነው። «መደገፍ መሰለኝ። መጥተው ቤቱን ይደገፉታል።»

አክስቴ በሳቅ ፈረሰች። «ይደገፉዋ! ግድግዳው እንደሆነ ጠንካራ ነው!»

የውሃው ሊን ግን ሌላ ነው። ዕዳው ከሰው ላይ ተነስቶ ቤቱ ላይ ይጻፋል። ሳይከፈል ከቆየ ቤቱን እስከማሸጥ የሚያደርስበት ከተማ አለ። አክስቴ ይህን ያወቀችው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ወደ ቢሮው ስትሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ትሁት ነበረች። «ቋንቋ የሚችል ሰው ይዘሽ ነይ» አለቻት። ልጅቷን ይዛ ሄደች። ማክሰኞ ነበር፤ የሒሳብ ፈተና አመለጣት። በመጨረሻ ሥራዬን ጥዬ እኔ ሄድኩና ዕዳው በየወሩ እንዲከፈል ተስማማን። ታንከሩ ውስጥ ያለችውን ላስቲክ በ8 ዶላር ቀየርኳት።

እዚህ ላይ ዲሲን ላንሳ፤ 11 ዓመት ኖሬባታለሁ። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ አንድ ሕግ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ያኔ ከንቲባው አንተኒ ዊሊያምስ ነበሩ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ አንድ የከተማው መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ ውስጥ 3 ከመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ አነስ ያለው ማለት ነው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ዋና ዋና ወረቀቶቹን በዚያ ቋንቋ ያዘጋጅ። ቋንቋህ ከቁጥሩ ባይደርስ እንኳ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብልሃል። ካልቀረበልህ የከተማው የሰብአዊ መብት ቢሮ ዘንድ አቤት ትላለህ። አማርኛ በዚህ ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕጉ አማርኛ ተናጋሪውን ከችግር ሁሉ አላወጣውም። አስተርጓሚው በስልክ ነው የሚመጣው፤ መስመሩ ይቆራረጣል። በየከተማው ከማያቸው የተተረጎሙ ወረቀቶች መሃል ደግሞ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ብሶ የሚያስቸግር አለ። ቢሆንም የ11 ዓመት ልጅ የመንግሥት አስተርጓሚ አትሆንም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሕጉ ከተጻፈ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ያወጣችው ከተማ የማኅበራችሁ መቀመጫ ናት። አክስቴ ያለችበት ከተማ ግን አልኮረጀችውም። ለምን?

እኛ አገር ኩረጃ ነውር ነበር። ከተያዝክ ወረቀትህ ይቀደዳል፣ ወላጅ ይጠራል። ከተማ ማስተዳደር ግን እንደ ፈተና አይደለም። ጎረቤቱ የሠራውን አይቶ የማይኮርጅ ከንቲባ ሰነፍ ነው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ የትልልቅ ከተማ ጥቁር ከንቲባዎች እኮ የሚኮርጁበት አልነበራቸውም። በኖቬምበር 7 ቀን 1967 ካርል ስቶክስ በክሊቭላንድ (ኦሃዮ)፣ ሪቻርድ ሃቸር በጌሪ (ኢንዲያና)፣ በአንድ ሌሊት ተመረጡ። ከዚያ በፊት ያን የሚያህል ከተማ መርቶ «እኔ እንዲህ አድርጌ ነበር» የሚላቸው ጥቁር ከንቲባ አልነበረም። ብዙዎቹ ተከታዮቻቸውም ከተማውን የተረከቡት ፋብሪካው መዘጋት ከጀመረ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ዳር ከወጣ በኋላ ነው። ቁልፉን ተቀበሉ፤ ካዝናው ውስጥ ግን ብዙም የለም።

በ1974 የደቡብ ከንቲባዎች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ የቱስኬጊ (አላባማ) ከንቲባ ጆኒ ፎርድ ነበሩ። (ቱስኬጊ ለእኛም ባዳ አይደለችም። ጣሊያን በ1935 ሊወረን ሲል መጥቶ የአየር ኃይላችንን የመራው ጆን ሮቢንሰን እዚያ ነው የተማረው። አዲስ አበባ ነው የተቀበረው።) ማኅበሩ ውስጥ የትንንሽ ከተማ ከንቲባዎች ብዙ ነበሩ። ትልቅ ከተማ ጠበቃ ይቀጥራል፣ አማካሪ ይቀጥራል። የትንሽ ከተማ ከንቲባ ግን የሚጠይቀው ሌላ ከንቲባን ነው። በኋላ ማኅበሩ በውስጥ ጭቅጭቅና በዕዳ ተንኮታኮተ፤ የእናንተ ማኅበር ደግሞ በ2014 ቆመ። አልፈርድባችሁም። ማኅበር መሥርቶ በሊቀመንበርነት መጣላትን በሚመለከት እኛ ሐበሾች ሌላውን ማስተማር እንችላለን።

ስለ ሜይናርድ ጃክሰን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በ1973 የአትላንታ ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ 35 ዓመታቸው ነበር። ያኔ ከከተማው ኮንትራት ለጥቁር ድርጅቶች የሚደርሰው ከ1 ከመቶ በታች ነበር፤ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ጥቁር በሆነበት ከተማ። ኤርፖርቱ ሊሰፋ ነው፤ ትልቅ ገንዘብ ነው። ጃክሰን «ከሥራው 25 ከመቶው ለእነዚህ ድርጅቶች ካልደረሰ አይሠራም» ብለው ገተሩ። ነጋዴው አኮረፈ፣ ጋዜጣው ጮኸ። ተርሚናሉ በ1980 በተባለው ጊዜ ተከፈተ። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሌሎች ከተሞች መጥተው አዩ፣ ወረቀቱን ወሰዱ፣ እየቀያየሩ የራሳቸው አደረጉት። ኩረጃ ማለት ይሄ ነው። ከሜይ 2023 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አትላንታ ይበራል። እናቱን ሊቀበል የቆመ ሐበሻ አበባውን ይዞ የሚጠብቀው በጃክሰን ስም የተሰየመው ተርሚናል ውስጥ ነው። ስንቱ ስሙን አንብቦ «ማን ነበሩ?» ብሎ እንደጠየቀ እንጃ።

ወደ ውሃው ልመለስ፤ የእኔ ነገር የጀመረው ከዚያ ነው።

የኒው ጀርሲዋ ኒዋርክ የቧንቧ ውሃዋ እርሳስ ነበረበት። ከዋናው መስመር ወደ ቤት የሚገባው አሮጌ ቱቦ ከእርሳስ የተሠራ ነው። እርሳስ ደግሞ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ከተማዋ መጀመሪያ ላይ ነገሩን አቃልላ ተናገረች፤ ተከሰሰች፤ በ2019 ሰዉ ተሰልፎ የታሸገ ውሃ ወሰደ። እዚህ ድረስ የብዙ ከተማ ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ኩረጃ የሚያስፈልገው። ከንቲባው ራስ ባራካ (ስማቸው ላይ ያለው «ራስ» ሐበሻን ፈገግ ያሰኛል) ከካውንቲው ጋር ሆነው 120 ሚሊዮን ዶላር በብድር አገኙ። ከነዋሪው ክፍያ አልተጠየቀም። ትልቁ ዘዴ ግን ብሩ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የኒዋርክ ሰው ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ደብዳቤ ቢላክለት አይመልስም። ስለዚህ ከተማዋ ደንብ አወጣች፦ ባለቤቱ እስኪገኝ አይጠበቅም፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው በር ከከፈተ ቱቦው ይቀየራል። በሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 23,000 የሚጠጋ ቱቦ ተቀየረ። ሌላ ቦታ አሥርና ሃያ ዓመት ይፈጃል ሲባል የነበረ ሥራ ነው።

ያቺን አንዲት ደንብ ስንቶቻችሁ ገልብጣችኋል? ከተማችሁ ውስጥ ስንት የእርሳስ ቱቦ አለ? በአማርኛ ነው የጠየቅኳችሁ፤ መልሱን በእንግሊዝኛ ብትሰጡኝ ቅር አይለኝም።

በእርግጥ ሁሉም ነገር በከንቲባ እጅ አይደለም። ፍሊንት (ሚሺጋን) ላይ በ2014 የውሃው ምንጭ ተቀይሮ ቧንቧው ውስጥ እርሳስ ሲገባ ከተማዋን የሚያዝዛት ስቴቱ የሾመው ሰው ነበር እንጂ ሕዝቡ የመረጠው አልነበረም። ሚሲሲፒ ውስጥ ባለችው የጃክሰን ከተማ በኦገስት 2022 የውሃ ማጣሪያው ሲበላሽ ወደ 150,000 ሰው ያለ ንጹሕ ውሃ ቀረ፤ ከንቲባውና ስቴቱ ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ተካሰሱ። ታንከሩ ውስጥ ያለችው ላስቲክ ግን ስቴት አትጠብቅም። «ውሃ እየፈሰሰብዎት ነው፣ ሽንት ቤትዎን ይመልከቱ» ብሎ በአማርኛ አንድ መስመር ለመጻፍ የገዥ ፊርማ አያስፈልግም።

ባልቲሞርን ደግሞ እዩ። ከ2015 እስከ 2022 በየዓመቱ ከ300 በላይ ሰው ይገደል ነበር። በ2024 ቁጥሩ 201 ሆነ። ከንቲባው ብራንደን ስኮት ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚያው ነው። ከሠሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ፈረንጅ ረጅም ስም ቢሰጠውም፣ እኛ «ሽማግሌ መላክ» የምንለው ነው። ሊገድሉ ወይም ሊገደሉ የሚችሉት በጣም ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ይታወቃሉ። ፖሊስ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው ሆነው ፊት ለፊት ይቀርቧቸዋል። «እንድትኖር እንፈልጋለን። ሥራም፣ ቤትም፣ ሕክምናም እንረዳሃለን። ተኩሱን ካላቆምክ ግን ሕግ አለ» ይሏቸዋል።

ይህም ኩረጃ ነው። መጀመሪያ በ1990ዎቹ ቦስተን ላይ ተሞከረ። ኦክላንድ ከ2012 ጀምሮ በደንብ ይዛው ግድያ ቀነሰላት። ባልቲሞር ራሷ ከዚህ በፊት ሁለቴ ሞክራ አልተሳካላትም። እንዴት እንደሆነ ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም፤ ከጎረቤቱ ሲኮርጅ የጎረቤቱን ስም ጭምር የገለበጠውን ተማሪ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሦስተኛው ላይ ከአንድ ሰፈር ጀምረው፣ ሰው መድበው፣ ረጋ ብለው ሠሩት። የሚያሳዝነው ኦክላንድ ነው። መልሱን ቀድማ ይዛ በኋላ ችላ አለችው፤ ግድያውም ተመልሶ ወጣ፤ በ2024 ነው እንደገና ያነሳችው። ከንቲባ ባርባራ ሊ በ2025 ከተማዋን ሲረከቡ የሚያስፈልጋቸው መልስ በከተማዋ በራሷ ደብተር ውስጥ ተጽፎ ነበር። ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቼ ይህ ደብተር ዳግም ባይዘጋ ደስ ይላቸዋል።

የባልቲሞርን ቁጥር ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው። በኦገስት 2025 ፕሬዝዳንቱ የዲሲን ፖሊስ በፌዴራል ትእዛዝ ሥር አደረጉ፤ ብሔራዊ ዘብም አስገቡ። በዚያው መግለጫ ላይ ቺካጎን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ኒውዮርክን፣ ባልቲሞርን፣ ኦክላንድን በስም ጠሩ። ያን ቀን የአምስቱም ከንቲባዎች ጥቁሮች ነበሩ። እናንተም ወዲያው በአንድ ድምፅ «ወንጀል እየቀነሰ ነው» ብላችሁ ወጣችሁ። ቁጥሩ እጃችሁ ላይ ስለነበረ ነው የተናገራችሁት። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ አብሮ መግለጫ ማውጣት ጥሩ ነው። ግን መግለጫ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ማታ ተጽፎ ጠዋት ይወጣል። የውሃ ቢሉን ቅጽ መቀየር ይከብዳል። ለዜናም አይመችም።

አሁን ደግሞ የእኛን ጥፋት ላንሳ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ላይ ብዙ የሐበሻ ቤት አለ። ሰፈሩ በ1968 ተቃጥሎ ለረጅም ዓመት ባዶ ሆኖ ነበር። የእኛ ሰዎች ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ፣ አደመቁት። በ2005 ገደማ አንዳንዶች ዘጠነኛውን መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» እናሰኘው አሉ። ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቆጡ። «ይህ ሰፈር የእኛ ታሪክ ነው፤ አያቶቻችን ሌላ ቦታ በማይገቡበት ዘመን የሠሩት ነው» አሉ። ያኔ እኔም ጎረምሳ ነኝና ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ናቸው። ቤት የተከራየ ሰው የቤቱን ስም አይቀይርም፤ ቢያንስ መጀመሪያ ቡና አፍልቶ ጎረቤት ይጠራል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ የሰፈር ስም እየጠየቅሁ አይደለም። ሐውልትም፣ ፌስቲቫልም አልፈልግም። የምፈልገው መስኮት ላይ አስተርጓሚ ነው። እሱ ደግሞ ለእኛ ብቻ አይደለም። ከሄይቲ የመጣውም፣ ከሴኔጋል የመጣውም ያው መስኮት ፊት ይቆማል። የእናንተ ከተማ ጥቁር ሕዝብ አሁን እነዚህንም ይጨምራል።

ልመናዬን ላሳጥር። በሚቀጥለው ዓመታዊ ጉባኤያችሁ አንድ ሰዓት ስጡን። የዲሲን የ2004 ሕግ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሁሉንም በአንዴ ውሰዱ አልልም። ከውሃ ቢል ጀምሩ፤ ሁሉም ቤት የሚገባ ወረቀት እሱ ነው። ለትንሽ ከተማ አስተርጓሚ መቅጠር ውድ ነው፤ እውነት ነው። ግን አሥር ከተማ ሆናችሁ አንድ የስልክ አስተርጓሚ ኮንትራት ብትዋዋሉ ዋጋው ይረክሳል። ቃላቱን ደግሞ አንዴ በደንብ አስተርጉማችሁ ለሁሉም አድርሱት። አትላንታ የተረጎመችውን ኦክላንድ እንደገና ለምን ትከፍልበታለች? ሥራውንም ለሚያውቀው ሰው ስጡት፤ ለኮምፒውተር ወርውራችሁ አትሂዱ። እናቶቻችንን ሐኪም ቤት ሲያስተረጉሙ የኖሩ ሴቶች በየከተማችሁ አሉ፤ ሙያውን በነፃ ነው የተማሩት። ጨረታው ሲወጣ ሜይናርድ ጃክሰንን አስታውሱ።

ልጅቷ አሁን 12 ዓመት ሆኗታል። የሒሳብ ፈተናውን ደግማ ወሰደች፤ አልፋለች። አክስቴ ዕዳዋን በየወሩ እየከፈለች ነው፤ አራት ወር ቀርቷታል። ያን ወረቀት አሁንም ረከቦቱ ሥር ታስቀምጠዋለች።

ይህን ደብዳቤ ስታስተረጉሙ ታዲያ «ሊን» የምትለዋ ላይ ተጠንቀቁ። መደገፍ ማለት አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የውሃ ቢል ከፋይ